ለሃያ ቀን ውቅያኖስ ምን ስንቅ ይያዛል? እናቴስ ከመነሳታችን በፊት ትወቅ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፍላችሁ ከግራን ካናሪያ ደሴት፣ ከላስ ፓልማስ የጀልባ ወደብ ነው። ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግኩ፣ ስዊድን ውስጥ አሥራ አራት ዓመት የኖርኩ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ስዊድናዊ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሆነው ወንድ ልጅና አምስት ዓመት የሆናት ሴት ልጅ አሉን። ከሰኔ ጀምሮ ቤታችን 12 ሜትር ርዝመት ያላት የሸራ ጀልባ ናት። አሁን የቀረን አትላንቲክን መሻገር ነው። ከዚህ እስከ ሴንት ሉሲያ ወደ 2,700 የባሕር ማይል፣ በእኛ ቋንቋ 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በጀልባችን ፍጥነት ሃያ ቀን ያህል መሬት አናይም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ስንቅ የሚባለውን ነገር የምታውቁ ምን ልያዝ? ማቀዝቀዣችን እንደ ሻንጣ ናት። ምድጃው በጋዝ ይሠራል፣ ከጀልባዋም ጋር ይወዛወዛል፣ ስለዚህ ምጣድ አይታሰብም። ሁለተኛ፣ ባሕር ዳር ያለችው እናቴ በአውሮፕላን የምንሄድ ይመስላታል። ልንገራት ወይስ ስንደርስ?

ይህን የለጠፍኩት ጥቅምት 28 ነበር። ዛሬ ኅዳር 9 ነው፤ 34 መልስ ደርሷል። ብዙዎቹ ያልጠየቅኩትን ሦስተኛ ጥያቄ፣ ልጆችን ይዞ መሻገር ይገባል ወይ የሚለውን፣ ነው የመለሱት። ዘግይቶ የሚገባ ሰው ሁሉንም እንዳያገላብጥ የተባለውን በገባኝ መጠን እዚህ አሰባስቤዋለሁ። አድልተሻል የሚለኝ ካለ፣ አዎ አድልቻለሁ።

የመጀመሪያዎቹ አራት መልሶች የደግ ጎረቤት መልሶች ናቸው። 1ኛዋ መላሽ መርቃኝ ስታበቃ ቆሎና ዳቦ ቆሎ አዘዘችልኝ። 2ኛው በሶን አስቀደመ፣ ምክንያቱም አሳማኝ ነው፤ በሶ እሳትም ማቀዝቀዣም አይፈልግም። ጀልባዋ ስትናጥና ወደ ምድጃ የሚጠጋ ሰው ሲጠፋ በኩባያ በጥብጦ ለልጅ መስጠት ይቻላል። 3ኛዋ ጭኮ፣ ድርቆሽና ንጥር ቅቤ ጨመረች። ድርቆሹን ግን የባሕር አየር እንዳያረጥበውና እንዳይሻግት አየር በማያስገባ ዕቃ እንድከት አስጠነቀቀችኝ። 4ኛው በትሕትና 1ኛዋን አረማት፤ ቆሎ ለትልቅ ሰው እንጂ በምትወዛወዝ ጀልባ ላይ ለአምስት ዓመት ልጅ እንደማይሰጥ፣ የአንድ ዘመዱ ልጅ በመኪና ጉዞ ላይ በቆሎ ታንቆ ለጥቂት እንደተረፈ ነገረን። ልክ ነው። ቆሎው ለአዋቂዎች ብቻ ሆነ፣ ዕቃውም ከላይኛው መደርደሪያ ወጣ።

5ኛው መላሽ ሲመጣ ነገሩ ከበድ አለ። ባርሴሎና የሚኖር፣ በሰው ጀልባ ላይ ተቀጥሮ አትላንቲክን ሁለት ጊዜ የተሻገረ ሰው ነው። አጻጻፉ ደረቅ ነው፣ ሰላምታ እንኳን የለውም። ከ34ቱ ውስጥ አትሜ ከካርታው ጠረጴዛ በላይ የሰቀልኩት ግን የእርሱን ብቻ ነው። መጀመሪያ ሒሳቤን ሰበረው። ለ2ኛው መላሽ ስመልስ፣ ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር ውሃ ብናስብ ለአራት ሰው በሃያ ቀን 320 ሊትር እንደሚበቃን ጽፌ ነበር። ሃያውን ቀን ሠላሳ አድርጌ እንድቆጥር፣ ማለትም 480 ሊትር እንድይዝ አዘዘኝ፤ ነፋስ ሊጠፋ፣ ምሰሶ ሊሰበር ይችላልና። ሁሉንም በአንድ ጋን ማስቀመጥ ደግሞ እንደ ሞኝነት ነው የሚያየው፤ ጋኑ ቢያፈስ ወይም ውሃው ቢበላሽ ሌላ ምንጭ የለም። የባሕር ውሃን የሚያጣራውን መሣሪያ ፈጽሞ እንዳልቆጥረው ነገረኝ። እዚህ ላይ ሳልወድ ሳቅኩ። የእኛ ማጣሪያ ፓምፑ ተበላሽቶ መለዋወጫውን ካዘዝን ስድስት ሳምንት ሆኖናል፤ ስሙን የማልጠራው አቅራቢ በየሰኞው ነገ ይደርሳል ይለናል። አሁን በሁለት ጋን 360 ሊትር፣ ባለ 20 ሊትር በሆኑ ስድስት ጀሪካኖች ደግሞ 120 ሊትር ይዘናል። ዕቃ የምናጥበው በባሕር ውሃ ነው።

ከዚያ ወደ ጓዳው ገባ። የካርቶን ሣጥን ጀልባ ላይ እንዳይወጣ፣ በካርቶኑ እጥፋት ውስጥ የበረሮ እንቁላል ተሸሽጎ እንደሚመጣ ነገረኝ። ስለዚህ ፓስታውም ሩዙም ቆርቆሮውም ወደቡ ላይ ከካርቶን እየወጣ ነው የሚገባው፤ ልጆቼ ይህን ሥራ እንደ በዓል ወደውታል። እንቁላል ማቀዝቀዣ ገብቶ የማያውቅ፣ ያልታጠበ እንዲሆን አዘዘ። አስኳሉ ከቅርፊቱ ጋር እንዳይጣበቅም በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ይገለበጣል። ሙዝ በዘለላ ከተሰቀለ ሁሉም በአንድ ቀን ይበስላል። ይህን ባለቤቴ አላመነም ነበር። ቅዳሜ ዕለት ወደ ሠላሳ የሚጠጋ ሙዝ አብረን በላን።

መልሱን የጨረሰው ስንቅ የመጨረሻ ጭንቀቴ መሆን እንዳለበት በመንገር ነው። ጀልባችን በሰዓት አምስት ተኩል የባሕር ማይል ስትሄድ አንድ ሰው ቢወድቅ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ወደ 170 ሜትር ርቀነው እንሄዳለን፤ ሞገድ ካለ የልጅ ራስ በዚያ ርቀት አይታይም። ስለዚህ ከጀልባዋ ፊት እስከ ኋላ ጠፍጣፋ ገመድ ይዘረጋል። ሁሉም ሰው የደረት ማሰሪያ ይለብሳል፣ ከውስጥ ሲወጣ ገና ደረጃው ላይ ሳለ ማሰሪያውን ገመዱ ላይ ያያይዛል። ማታ ማንም ብቻውን ወደ ፊት አይሄድም። እኛ ይህን አስቀድመን እናደርግ ነበር፣ ግን ፀሐይ በወጣ ቀን እንላላ ነበር። አሁን ሴት ልጄ ማሰሪያዋን ሳታያይዝ የወጣ ሰው ስታይ፣ አባቷም ቢሆን፣ እየጮኸች ትቆጣለች።

ከ6ኛው እስከ 8ኛው ያሉት ወደ ጾም ሄዱ። 6ኛዋ ቋንጣ በብዛት እንድይዝ መከረች። 7ኛው ወዲያው አስታወሳት፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ እኛ ደግሞ ያኔ ባሕር መሐል ነን። 8ኛው በለዘብታ ገብቶ መንገደኛ ከንስሐ አባቱ ጋር እንደሚነጋገር፣ ልጆቹ ገና ለጾም እንዳልደረሱ አሳሰበ። ከዚያ ሦስቱም ሽሮና ምስር የትኛው ጋዝ እንደሚቆጥብ ተከራከሩ። እኔ የፈረድኩት ለሽሮ ነው። ቋንጣውንም ይዣለሁ፤ ባለቤቴ ሉተራዊ ነው፣ አይጾምም።

9ኛዋ የመጀመሪያዋ የሁለተኛው ጥያቄ መላሽ ናት። እስራኤል አገር የሚኖሩ እናት ናቸው፣ አንቺ ማለት አልሆነልኝም። በ1977 ዓ.ም. ከጎንደር ገጠር ወደ ሱዳን በእግር ሲወጡ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። ምሥጢሩ እንዳይወጣ አባታቸው ለገዛ እናታቸው ሳይናገሩ በሌሊት ተነሡ። አያታቸው ጠዋት ቤቱን ባዶ አገኙት። ኢየሩሳሌም ከገቡም በኋላ አባታቸው ስለ መንገዱ፣ ስለ ረኀቡ፣ በመንገድ ስለቀሩት ሰዎች ሲያወሩ ዝም ብለው ያወሩ ነበር፤ ያ ጠዋት ሲነሣ ግን ከቤት ይወጣሉ። እርሳቸው ይህንን ጽፈው ንገሪያት አላሉኝም። ስልክ ቁጥሯ እጅሽ ላይ ነው ብቻ ብለው ነው ያቆሙት።

10ኛውና 11ኛዋ ግን አስቀድሞ በመናገሩ አልተስማሙም። ሁለቱም የእናታቸውን የደም ግፊት ጠቅሰው ከደረስን በኋላ ፎቶ መላክ እንደሚሻል መከሩ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ግን የሁለቱም እናቶች ለምን አልነገራችሁኝም ብለው ተቆጥተው እንደሚያውቁ ከራሳቸው ጽሑፍ ያስታውቃል።

በ12ኛው መልስ ድምፁ ተቀየረ። ልጅ ሳይጠየቅ ለወላጅ ጀብዱ እንደሚገበር ጽፎ አንድ እውነተኛ ታሪክ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ አሜሪካዊ ቤተሰብ ሁለት ሕፃናት ይዞ ፓስፊክን ሲሻገር የአንድ ዓመቷ ልጅ ታመመችና የአየር ኃይል የነፍስ አድን ሰዎች በጃንጥላ ወርደው፣ የባሕር ኃይል መርከብም መጥቶ ወሰዳቸው። በዚህ ታሪክ ተጠቅሞ ነፍሰ ገዳይ ሊያደርገኝ ምንም አልቀረውም። 13ኛዋ የሕክምና ባለሙያ ናት፣ የታሪኩን ጎደሎ ሞላችው። ጀልባቸውን እንዲሰምጥ ትተው ሳን ዲዬጎ ገቡ፣ ሁሉም በሕይወት አሉ። እርዳታ ሊመጣ የቻለውም መጥሪያ መሣሪያ ስለነበራቸው ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ የመርማሪ ያህል ጠየቀችኝ፤ ከሳተላይት ጋር የሚገናኝ የአደጋ ምልክት ላኪ አለሽ ወይ፣ ለልጆቹ በክብደታቸው የተለካ የትኩሳትና የኢንፌክሽን መድኃኒት ይዘሻል ወይ፣ ለባሕር ሕመም ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው የአዋቂ መድኃኒት ለትንንሽ ልጆች እንደማይሆን ታውቂያለሽ ወይ። የመጨረሻውን አላውቅም ነበር። በማግስቱ የልጆች ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ለ12ኛው መልስ ሳልሰጠው የቀረሁት እርሷ ስለመለሰችለት ነው።

14ኛው ላውራ ዴከርን አነሣ፤ የኔዘርላንድ ፍርድ ቤት ሕፃን ናት ብሎ ከከለከላት በኋላ ብቻዋን በሸራ ጀልባ ዓለምን ዞረች። ዕድሜዋን አሥራ ሁለት ብሎ ስለጻፈው 15ኛው በብስጭት አረመው፤ ስትነሳ 14 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ስትጨርስ 16 ዓመቷ ነበር። ሁለቱ በዚህ ላይ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፣ መድረኩ ግን እንዲህ ያለውን ምልልስ ከሥር ስለሚደብቀው ቁጥር አልተሰጣቸውም። 16ኛዋ መምህርት ናት፣ የስዊድን ሕግ ልጅን በቤት ማስተማር ከልዩ ምክንያት በቀር እንደማይፈቅድ አስታወሰችን። እውነት ነው፣ ለዚህም ነው ለአንድ ዓመት ከነዋሪነት መዝገብ የወጣነው። ትምህርቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፤ ሒሳብ፣ ስዊድንኛ፣ ከዚያ ፊደል ከእኔ ጋር። ልጄ አሁን ከሀ እስከ ቀ ደርሷል። ማዕበል ባለበት ቀን በሚጽፋት ረ ውስጥ የጀልባዋ ውዝዋዜ ይታያል።

17ኛው መልስ ግን ሌላ ነው። ስድብ የለበትም፣ በጣም አጭር ነው። ወንድሙ በሜዲትራኒያን ባሕር እንደቀረ፣ እኔ ያለሁበት ደሴት ላይ በየቀኑ ሰው በእንጨት ጀልባ እንደሚደርስ፣ አንዳንዱም እንደማይደርስ ጽፎ፣ ባሕርን ለመዝናኛ የሚሻገር ሐበሻ ማየት እንደከበደው ነገረኝ። የመለስኩለት በንዴት ነበር፤ 18ኛው መልስ የእኔ ነው፣ አጥፍቼዋለሁ፣ ባዶ ሆኖ የሚታያችሁ እርሱ ነው። የጻፍኩት ነገር ውሸት አልነበረም፣ ግን ለእርሱ የሚጻፍ አልነበረም። እዚህ ሆኖ የማያይ ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ2020 መኸር በደሴቷ ደቡብ ያለው የአርጊኔጊን ወደብ ከሁለት ሺህ በላይ ሰው መሬት ላይ ያደረበት ነው፤ በ2024 ደግሞ ወደ ካናሪ ደሴቶች በባሕር የገባው ሰው ከ46 ሺህ በላይ ነበር። እኛ ለጀልባችን የሸራ ጥገና ስንከፍል እነርሱ ለአንድ መቀመጫ የከፈሉትን አስባለሁ። ይህን ወዴት እንደማደርገው አላውቅም።

የጠበቅኩት ጠብ ነበር። 19ኛው መላሽ ግን ከሊቢያ ተነስቶ በጎማ ጀልባ ጣሊያን የገባ፣ አሁን ጀርመን የሚኖር ሰው ነው። ማንንም አልወቀሰም፣ ለ17ኛው ነፍስ ይማር ብሎ አለፈ፣ ከዚያ ከእኔ ጋር ስለ ዕቃ አወራ። በእነርሱ ጀልባ ላይ ከጥማት ቀጥሎ የከፋው ቆዳቸውን ያቃጠለው ጨውና ነዳጅ የተቀላቀለበት ውሃ ነበር። የልጆቼ የመንሳፈፊያ ጃኬት ላይ ፊሽካ መኖሩን እንዳረጋግጥ፣ ልጆቹም እንዴት እንደሚነፉት አሁኑኑ በደረቅ እንዲለማመዱ አዘዘኝ። ሌሊት ድምፁ የደከመ ሰው መጮኽ አይችልም፣ ፊሽካ ግን መንፋት ይችላል። ሄጄ አየሁ። የትንሿ ጃኬት ፊሽካ አልነበረውም፣ ገመዱ ብቻ ቀርቶ ነበር።

20ኛው ከመርከብ ላይ ነው የጻፈው፤ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሠልጥኖ በጭነት መርከብ ላይ በመሐንዲስነት የሚሠራ ወጣት ነው። ራሱ ከታች ሞተር ክፍል ስለሚውል ባሕሩን እንደማያይ አስቀድሞ አምኗል። ከላይ ያሉት መኮንኖች ስለነገሩት ግን ይምላል፤ ከትልቅ መርከብ አፍንጫ ፊት እስከ 500 ሜትር ድረስ ያለ ውሃ ከመሪው ክፍል ላይታይ ይችላል፣ በሞገድ መሐል ያለች ነጭ ሸራም ከአረፋ አትለይም። ማን የት እንዳለ የሚያሳውቀው ኤአይኤስ የሌሎችን ምልክት መቀበል ብቻ ሳይሆን የእኛንም ማሰራጨቱን እንድንፈትሽ ነገረን። አድማስ ላይ የታየ ፈጣን መርከብ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ላያችን ላይ ሊሆን ስለሚችልም የሌሊት ተረኛ በየአሥር ደቂቃው ዙሪያውን ይቃኛል። እኔና ባለቤቴ በየሦስት ሰዓቱ እንፈራረቃለን። የሃያ ቀን የተቆራረጠ እንቅልፍ ከማዕበሉ የበለጠ ያስፈራኛል።

21ኛው የቀድሞው ባሕር ኃይል አባል የነበሩ፣ «ኢትዮጵያ» በተባለችው መርከብ ላይ ያገለገሉ አባት ናቸው። ልጄ እያሉ ጻፉልኝ። ምጽዋን በናፍቆት አንሥተው ረጅም መንገድ ሄዱ፣ ቀይ ባሕር ላይ ያለውን ሙቀትም ገለጹ። ከመሐል አንድ ጠቃሚ ነገር አገኘሁ፤ ልጆቹ በባሕር ውሃ ከታጠቡ በኋላ ብብታቸውና ጉልበታቸው በአንድ ኩባያ ንጹሕ ውሃ ካልተለቀለቀ ቁስል ይሆናል። 22ኛው የድሮ መርከበኞች በዓርብ ጉዞ እንደማይጀምሩ ጽፎ ሳቀ። ግድ የሆነበት ካፒቴን ሐሙስ ማታ ገመዱን ፈትቶ ጥቂት ሜትር ፈቀቅ ይልና መልሕቅ ይጥላል፣ እንዲህ ሲሆን ጉዞው ሐሙስ ተጀመረ ይባላል።

ከ23 እስከ 29 ያለው ሁሉ ስለ ታንኳ ነው፤ እንዴት እዚያ እንደደረስን አይገባኝም። የዘጌ ልጅ የሆነ ሰው የደንገል ታንኳ ከእኛ ጀልባ እንደሚሻል በቀልድ ጀመረ፣ ጎርጎራ ያደገው ደግሞ ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው ካልደረቀ እንደሚሰምጥ ተከራከረ። ታንኳ ጀልባ ይባላል አይባልም በሚለው ላይ የተባባሉትን አላነሣም። 27ኛዋ ግን ሁሉንም ዝም ያሰኘ ነገር አመጣች። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 ራ የተባለችውን የደንገል ጀልባ ሲያሠራ ደንገሉ የተቆረጠው ከጣና ነው። ከሞሮኮ ተነሥታ ካሪቢያን ሳትደርስ ተበተነች። በማግስቱ ዓመት ሁለተኛዋ ራ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። የተከተሉት ነፋስም እኛ የምንከተለው ያው ነው። ባሕር ዳር ተወልጄ ይህን ከላስ ፓልማስ መማሬ አሳፈረኝ።

የቀሩትን በአጭሩ። 30ኛው የአውሎ ነፋሱ ወቅት እስከ ኅዳር 21 ስለሚቆይ እንድንዘገይ መከረ። 5ኛው ተመልሶ መጥቶ 31ኛ ሆነ፣ ስንደርስ ታኅሣሥ እንደሚሆን፣ ቅቤ እስኪቀልጥ ወደ ደቡብ ወርደን ከዚያ ወደ ምዕራብ መዞር እንዳለብን፣ ነገር ከከፋም ኬፕ ቨርዴ ላይ ሚንዴሎ እንደምታስጠጋን ነገረው። የእኛ ንጥር ቅቤ እዚሁ ወደብ ላይ ቀልጧል። 32ኛውና 33ኛዋ መርቀውናል። 34ኛዋ ለእናቴ ምን እንዳደረግኩ ጠየቀች።

ትናንት ደወልኩ። በጀልባ እንደምንሻገር ነግሬያት ስለ ነፋሱ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ማሰሪያው አወራሁ፣ በመጨረሻም የጣና ደንገል ሳይቀር ይህን ባሕር እንደተሻገረ ነገርኳት። የመጀመሪያዋ እንዳልደረሰች አልነገርኳትም። እናቴ ጥቂት ዝም አለችና ደንገሉ ላይ ልጆች ነበሩበት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልነበሩም። ደግማ ዝም አለች። ከዚያ መቼ እንደምንነሳ ጠየቀች፣ ገና እንዳልቆረጥን ስነግራት በኅዳር ሚካኤል ዕለት ካልሆነ ምርቃቷን እንደማትሰጥ አስታወቀችኝ።

ኅዳር ሚካኤል ዘንድሮ ዓርብ ላይ ነው የዋለው። በአጉል እምነት የማያምነው ባለቤቴ በዓርብ አልነሳም ብሎ ቁጭ አለ፤ አያቱ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። 22ኛው መላሽ ይህን ካነበብክ፣ ሐሙስ ማታ ገመዱን እንፈታና ከወደቡ ወጣ ብለን መልሕቅ እንጥላለን። ዓርብ ጠዋት እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እደውልላትና መልሕቁን እንስባለን።